ዘር በውኃ ውስጥ እንዴት ይተነፍሳል? የሩዝ ቡቃያና የኦክስጅን ነገር

በሰኔ ወር መጨረሻ፣ ክረምቱ በገባበት ሰሞን፣ በፎገራ ሜዳ ከሚገኙ የሩዝ ማሳዎች በአንዱ ዳር ቆመን ነበር። ማሳው ከተዘራ ዐሥር ቀን አልፎታል። ከፍ ባለው ወገን ቡቃያው ለምልሞ ይታያል፤ ዝቅ ባለውና ውኃ በታቆረበት ወገን ግን ከጭቃ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። የማሳው ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ዘሩንም የገዙት በብድር ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀደም በተደረገ አንድ የአርሶ አደሮች ስብሰባ ላይ «ሩዝ ውኃ ወዳድ ነው፤ ዝናቡ ማሳችሁን ቢሞላው አትስጉ፤ ውኃውንም አታፍስሱ» ብዬ በድፍረት ተናግሬ ነበር።

«እናቴ፣ ዘሩ አሮጌ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዘሩማ አንድ ነው፣ ዲያቆን። እዚያ ማዶ የበቀለውም እዚህ የቀረውም ከአንድ ጆንያ የወጣ ነው። ይህን የበላው ውኃው ነው» አሉኝ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላም፣ «ብቅል እንኳ ውኃ ውስጥ ሰንብቶ አይበቅልም፤ ይሸታል እንጂ። ይህን አንተ ሳትነግረኝም አውቅ ነበር፤ የተማረ ሰው ተናገረ ብዬ ነው የተውኩት» ሲሉ ጨመሩ።

እናታችን የተናገሩት እውነት ነበር። የእኔም ንግግር ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም፤ ግማሽ እውነት ነበር። በግብርና ሥራ ደግሞ ግማሽ እውነት የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። ይህ ጽሑፍ የቀረውን ግማሽ ለመሙላት የቀረበ ነው። የሩዝ ዘር በውኃ ውስጥ ሳለ ምን ይደርስበታል? ገብስና ስንዴ የማይችሉትን እርሱ እንዴት ቻለ? ችሎታውስ የት ላይ ያበቃል? እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመልከት።

ዘር ለምን አየር ይሻል?

ደረቅ ዘር የሞተ ይመስላል እንጂ በውስጡ ሕይወት አለው። እያንዳንዱ የእህል ፍሬ ሁለት ዋና ዋና ክፍሎችን የያዘ ነው፤ አንደኛው ነገ ተክል የሚሆነው ፅንስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለፅንሱ ስንቅ ይሆን ዘንድ የተከማቸው ስታርች ነው። ሱቅ የምንገዛው የተፈተገ ነጭ ሩዝ ተዘርቶ የማይበቅለውም ስንቁ ቀርቶለት ፅንሱ በመፈተጉ ጊዜ ስለ ተወገደ ነው።

ዘሩ ውኃ ሲጠጣ ፅንሱ ይነቃል። ነገር ግን ስታርችን እንዳለ ሊመገበው አይችልም፤ አስቀድሞ ወደ ስኳር መለወጥ ይኖርበታል። ይህን ሥራ የሚያከናውነው አልፋ አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ከዚያም ስኳሩ በኦክስጅን አማካይነት ተቃጥሎ ለእድገት የሚያስፈልገውን ኃይል ይሰጣል። ይህ ሁሉ ዘሩ ይተነፍሳል ማለት ነው። እኛ ኦክስጅን ስበን የተቃጠለ አየር እንደምናወጣ ሁሉ፣ የሚበቅል ዘርም ኦክስጅን ይወስዳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያወጣል።

ብቅል የሚያዘጋጁ እናቶቻችን ይህን ሥርዓት በቃል ባይገልጹትም በእጃቸው ያውቁታል። ገብሱን ይዘፈዝፉታል፤ በሚገባ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን እዚያው አይተዉትም። አውጥተው ያጠነፍፉታል፤ በቅጠል ሸፍነውም እርጥበቱና ሙቀቱ ሳይለየው እንዲበቅል ያደርጉታል። ውኃ የሚያስፈልገው ዘሩን ለመቀስቀስ ነው፤ ከነቃ በኋላ የሚያስፈልገው ግን እርጥበትና አየር በአንድነት ነው። ገብሱ በመዘፍዘፊያው ውስጥ ቢሰነብት ኖሮ ብቅል መሆኑ ቀርቶ ይበሰብስ ነበር።

በውኃ ውስጥ ያለው አየር ምን ያህል ነው?

ዓሣ በውኃ ውስጥ የሚኖረው ውኃው ጥቂት ኦክስጅን ሟሙቶ ስለሚገኝበት ነው። ይሁን እንጂ መጠኑ እጅግ አነስተኛ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ አንድ ሊትር ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን 8 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። አንድ ሊትር አየር ግን ከዚህ 30 ጊዜ የሚበልጥ ኦክስጅን ይዟል። የጣና አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህም በዚያ የሚገኝ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከዚህም በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ውኃው እየሞቀ በሄደ መጠንም የሚይዘው ኦክስጅን እየቀነሰ ይሄዳል።

ከመጠኑ ማነስ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን የጉዞው ዝግታ ነው። ኦክስጅን በረጋ ውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው በ10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ዘሩ በዙሪያው ያለውን ጥቂት ኦክስጅን ከጨረሰ በኋላ ምትክ ቶሎ አይደርሰውም። ከውኃው በላይ የአየር ውቅያኖስ ተዘርግቶ ሳለ፣ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የተኛው ዘር ይታፈናል።

ዘሩ በአፈር ከተሸፈነ ደግሞ ችግሩ ይከፋል። በአፈር ውስጥ ለዐይን የማይታዩ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ሕዋሳት ይኖራሉ፤ እነርሱም ይተነፍሳሉ። ማሳው በውኃ ሲጥለቀለቅ በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ የነበረው አየር ይወጣል፤ የቀረችውንም ኦክስጅን እነዚህ ሕዋሳት በአንድ ቀን ገደማ፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ይጨርሷታል። ያልበሰበሰ ፍግ ወይም ትኩስ ገለባ የተጨመረበት አፈር ከሆነ፣ ሕዋሳቱ የሚመገቡት ስለሚበዛላቸው ኦክስጅኑን የሚጨርሱት ይበልጥ ፈጥነው ነው። ብዙውን ጊዜ ኦክስጅን የሚገኘው ከውኃው ጋር በሚገናኘው በላይኛው ስስ የአፈር ንጣፍ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በተጥለቀለቀ ማሳ ላይ ከአፈር በላይ የተኛ ዘር የመትረፍ ዕድሉ በአፈር ውስጥ ከተቀበረው ይልቅ የተሻለ ነው። የሁለት ሳንቲ ሜትር አፈር እንኳ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

የፎገራ ሜዳ አፈር በአመዛኙ ውኃ ቶሎ የማያሰርግ ዋልካ ነው። የጉማራና የርብ ወንዞችም በክረምት ሞልተው ሲፈሱ ደለል የተሸከመ ድፍርስ ውኃ በሜዳው ላይ ያሳድራሉ። በጥሩ ውኃ ውስጥ የሚገኙ አረንጓዴ ቅጠሎችና አልጌዎች በቀን ብርሃን ጥቂት ኦክስጅን ያመርታሉ፤ ድፍርስ ውኃ ግን ብርሃኑን ስለሚከለክል ይህም ተስፋ ይጠብባል።

ሩዝ ያለ አየር እንዴት ይበቅላል?

እንግዲህ የሩዝ ልዩ ተፈጥሮ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ኦክስጅን ፈጽሞ በሌለበት የገብስና የስንዴ ዘር አይበቅልም። ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው አልፋ አሚሌዝ ያለ ኦክስጅን በበቂ መጠን ስለማይዘጋጅላቸው፣ ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ እንደ ጠፋበት ሰው በስንቃቸው መካከል ይራባሉ። የሩዝ ዘር ግን አየር ባይኖርም ኢንዛይሙን ያዘጋጃል። በ2009 እ.ኤ.አ. የታይዋን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በሩዝ ዘር ውስጥ ሲአይፒኬ15 የተባለ ፕሮቲን የኦክስጅንን ማነስና የስኳርን እጥረት የሚያያይዝ መልእክተኛ ሆኖ ያገለግላል። መልእክቱ ሲደርስ ጎተራው ይከፈታል፤ ስታርቹም ስኳር መሆን ይጀምራል።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ፣ ኦክስጅን ከሌለ ያ ስኳር እንዴት ወደ ኃይል ይለወጣል የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ወደ ጠላ ጋን መቅረብ ይበቃናል። በታሸገ ጋን ውስጥ ያለው እርሾ አየር ሲያጥረው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለወጠ፣ በዚያውም ለራሱ ጥቂት ኃይል እያገኘ ይኖራል። የሩዝ ዘርም በውኃ ውስጥ ሲታፈን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ፍሬዋ የራሷን ጥንስስ በራሷ ውስጥ ትጥላለች፤ የሚፈጠረውም አልኮል ቀስ በቀስ ወደ ውኃው ይወጣል።

ነገር ግን ይህ መንገድ እጅግ አባካኝ ነው። በኦክስጅን የሚተነፍስ ሕዋስ ከአንድ የግሉኮስ ስኳር ቅንጣት 30 ያህል የኃይል መክፈያ የሆኑ የኤቲፒ ቅንጣቶችን ያገኛል። በጥንስስ መንገድ የሚሄደው ግን የሚያገኘው 2 ብቻ ነው። ይህም ማለት አንድ ዓይነት ሥራ ለመሥራት ዐሥራ አምስት እጥፍ ስኳር ማቃጠል ያስፈልገዋል ማለት ነው። የፍሬዋ ስንቅ ደግሞ የተወሰነ ነው፤ ከውጭም የሚጨመርላት የለም። ስለዚህ የሩዝ ዘር በውኃ ውስጥ መቆየቱ በውኃ ውስጥ መኖር አይደለም፤ ስንቁ እስኪያልቅ ድረስ መውጫ የሚፈልግ መንገደኛ መሆን ነው። ሩዝ እጦትን ይታገሣል እንጂ እጦትን አይወድም።

እንደ ሸምበቆ የሚያገለግል ሰገባ

ይህን ጥቂት ኃይል ዘሩ በምን ላይ ያውለዋል? ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ለማሳደግ አይሞክርም። የሩዝ ቡቃያ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች በአንድ ቀጭን ነጭ ሽፋን ተጠቅልለው ነው የሚወጡት። ይህን ሽፋን ሳይንሱ ኮሊዮፕታይል ይለዋል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ሰገባ እንበለው፤ ሰይፍ በሰገባው እንደሚቀመጥ ቅጠሉም በእርሱ ውስጥ ተሸፍኖ ይቆያልና።

አየር ባለበት ቦታ የሚበቅል ሩዝ አስቀድሞ ሥሩን ይሰድዳል፤ ሰገባው አጭር ሆኖ ይቀርና ቅጠሉ ቀድዶት ይወጣል። ኦክስጅን በሌለበት ግን ሥሩም ቅጠሉም ይቆማሉ፤ ሰገባው ብቻ ወደ ላይ ይረዝማል። አማዴዎ አልፒና ሃሪ ቢቨርስ የተባሉ ተመራማሪዎች የሩዝ ችግኝ በተለያየ የኦክስጅን መጠን እንዴት እንደሚያድግ የመረመሩበትን ጥናት በ1983 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ከዚያም በኋላ የተደረጉ ብዙ ሙከራዎች ሰገባው ያለ ኦክስጅን ሲያድግ፣ ሥርና ቅጠል ግን ኦክስጅንን የግድ እንደሚሹ አረጋግጠዋል።

የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። በውኃ ውስጥ የሚዋኝ ሰው ባዶ ሸምበቆ በአፉ ይዞ ጫፉን ከውኃው በላይ ቢያደርግ መተንፈስ ይችላል። ሰገባውም እንዲሁ በውስጡ አየር የሚያስተላልፍ ክፍተት አለው። ጫፉ ከውኃው በላይ ብቅ ካለ፣ ወይም ኦክስጅን በተሻለ መጠን ወደሚገኝበት ወደ ውኃው የላይኛው ክፍል ከደረሰ፣ ኦክስጅን በውስጡ አልፎ ታች ወዳለው ፍሬ ይወርዳል። ያን ጊዜ ጥንስሱ ያበቃል፤ እስትንፋሱ ይመለሳል፤ ሥሩ ይወርዳል፤ ቅጠሉም ይከፈታል። ስንቁ ሳያልቅ እዚያ ያልደረሰ ግን ይሞታል።

ስለዚህ የቡቃያው ዕጣ በሦስት ነገሮች የተወሰነ ነው፦ ከአየር ያለው ርቀት፣ የስንቁ መጠንና ያለ አየር የሚቆይበት ጊዜ። የእናታችን ማሳ ከፍ ያለው ወገን የበቀለው፣ ዝቅ ያለው የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። ዘሩ አንድ ነበር፤ መንገዱ ግን ለአንዱ አጭር፣ ለሌላው ከስንቁ የረዘመ ሆነ።

ሁሉም የሩዝ ዝርያ እኩል አይደለም

ይህን ጉዞ ከሌሎች በተሻለ የሚፈጽሙ የሩዝ ዝርያዎች አሉ። መቀመጫው በፊሊፒንስ የሆነው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም በሺህ የሚቆጠሩ ዝርያዎችን በውኃ ውስጥ ዘርቶ ሲፈትን፣ በደኅና የበቀሉት እጅግ ጥቂት ሆነው ተገኝተዋል። ከእነዚህ አንዱ ከምያንማር የተገኘው ካው ህላን ኦን የተባለው ባህላዊ ዝርያ ነው። የዚህ ዝርያ ምሥጢር ኦኤስቲፒፒ7 ከተባለ ዘረ መል ጋር የተያያዘ መሆኑ በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኗል። ዘረ መሉ ስታርቹ ወደ ስኳር መለወጡን እንዲቀጥልና ስኳሩም ወደሚያድገው ሰገባ እንዲሄድ ያግዛል። እንዲህ ያለው ዝርያ ፈጥኖ ስለሚረዝም አየሩ ጋ ቀድሞ ይደርሳል።

እዚህ ላይ በብዙዎች ዘንድ የሚደባለቅ አንድ ነገር እናስታውስ። «ጎርፍ ቻይ ሩዝ» ተብሎ በእስያ የታወቀው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የተገለጸውን ሰብ-ዋን የተባለ ዘረ መል የያዘው ሩዝ፣ ሌላ ነው። እርሱ የሚረዳው ቅጠል ያወጣና ያደገ ሩዝ ሙሉ በሙሉ ሲዋጥ ሲሆን፣ ተክሉ እድገቱን አቁሞ ስንቁን እየቆጠበ እስከ ሁለት ሳምንት እንዲታገሥ ያደርገዋል። በቡቃያነት ጊዜ የሚያድነው ወደ ላይ መሮጥ ነው፤ ካደገ በኋላ ግን የሚያድነው ረግቶ መጠበቅ ነው። ስለዚህ «ጎርፍ ቻይ» የተባለ ዘር ያገኘ ሰው በየትኛው ዕድሜው ጎርፍ እንደሚችል መጠየቅ ይኖርበታል።

በሀገራችን ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች እንደ ሆነ ይነገራል። ከቀበሌ ስም የተጠራው ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያም በአካባቢው ለረጅም ዘመን ሲዘራ ኖሯል። ዛሬ በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል ይገኛል፤ የዝርያ ምርጫን በተመለከተ ምክር መጠየቅ የሚገባውም ከዚያና ከወረዳው የግብርና ባለሙያዎች ነው። እኛ በእጃችን ያለውን ዘር እንዴት እንደምናድን ግን ከዚህ ቀጥሎ እንመልከት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አስቀድሞ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። ውኃ ቡቃያውን የሚያፍን ከሆነ ለምን ፈጽሞ አናስወግደውም? ምክንያቱም በማሳ ላይ የተኛ ውኃ ብዙ የአረም ዓይነቶችን ያፍናል። ውኃ የሌለበት የሩዝ ማሳ በአረም ይወረራል፤ የአረሙ ድካም ደግሞ በአብዛኛው የሚያርፈው በእናቶችና በልጆች ጫንቃ ላይ ነው። አንዳንድ የአረም ዓይነቶችም እንደ ሩዝ ያለ ኦክስጅን መብቀል ይችላሉ። ስለዚህ ጥበቡ ውኃን በጊዜው ማስገባትና በጊዜው ማስወጣት ነው።

በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ያሉ ገበሬዎች የሩዝ ዘርን በአውሮፕላን ውኃ በተሞላ ማሳ ላይ እንደሚበትኑ ሰምቼ እኔም ለንግግሬ ማስረጃ አድርጌው ነበር። ያልጠየቅሁት ግን ከዚያ በፊትና በኋላ የሚያደርጉትን ነው። ዘሩን አስቀድመው ዘፍዝፈውና አጠንፍፈው ነው የሚበትኑት፤ ማሳቸው እንደ ጠረጴዛ የተደላደለ ነው፤ ዘሩ በአፈሩ ላይ ያርፋል እንጂ አይቀበርም፤ ብዙዎቹም ሥሩ እንዲይዝ ውኃውን ለጥቂት ቀናት ያጎድሉታል። በጃፓን ደግሞ ዘሩን ካልሲየም ፐርኦክሳይድ በተባለ፣ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ኦክስጅን በሚሰጥ ንጥረ ነገር የመለበጥ ዘዴ ሥራ ላይ ውሏል። እነርሱም ቢሆኑ ለዘሩ አየር በማድረስ ነው የደከሙት።

ለእኛ አርሶ አደሮች በአቅማቸው ሊሠሩ የሚችሉት የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ማሳን መደልደልና ቦይ ማውጣት። ውኃ የሚታቆርባቸው ጎድጓዳ ቦታዎች የቡቃያ መቃብር ናቸው። ከመዝራት በፊት ማሳውን በተቻለ መጠን መደልደል፣ ትርፉ ውኃ የሚወጣበትንም ቦይ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይገባል። ጎርፍ ከመጣ በኋላ የሚቆፈር ቦይ ብዙውን ጊዜ ይዘገያል። ውኃውን ስናወጣም በጎረቤት ቡቃያ ላይ እንዳንለቀው መመካከር ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ዘርን መምረጥ። ዘሩን በውኃ ውስጥ ጨምሮ በማማሰል የሚንሳፈፈውን ማስወገድ ይገባል። የሚሰምጠው ከባዱ ፍሬ ስንቁ የተሟላ ስለ ሆነ ያለ አየር የሚያልፈውን መንገድ በተሻለ ይችላል። ከመዝራት በፊትም 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ላይ በማብቀል ምን ያህሉ እንደሚበቅል መፈተን፣ ችግሩ ከዘሩ ይሁን ከውኃው በኋላ ለመለየት ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ዘሩን አጎንቁሎ መዝራት። ውኃ ባለበት ወይም በጨቀየ ማሳ ላይ የሚዘራ ከሆነ፣ ዘሩን ለ24 ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ፣ ከዚያም አጠንፍፎ አየር በሚያስገባ ጆንያ በሞቃት ጥላ ሥር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ማቆየት ነው። አየር በማያስገባ ፕላስቲክ መቋጠር ግን ዘሩን በማሳው ውስጥ ከሚገጥመው መታፈን አስቀድሞ ማፈን ይሆናል። የጎነቆለው ጫፍ ነጥብ ያህል ብቅ ሲል መዝራት ይገባል፤ ከረዘመ በብተና ጊዜ ይሰበራልና። ይህ በመሠረቱ የብቅል ሥራ ነው፤ እናቶቻችን ከማንም በላይ ያውቁበታል። በደረቅ መሬት የሚዘራ ከሆነ ግን የጎነቆለ ዘር ዝናብ ቢዘገይ ስለሚደርቅ ደረቁን ዘር መዝራት ይሻላል።

አራተኛ፣ ዘሩን በጥልቀት አለመቅበር። ዘርቶ በበሬ በሚታረስበት ጊዜ ብዙ ፍሬ ወደ ታች ይወርዳል። ቀጥሎ ከባድ ዝናብ ከጣለ ከአየር የሚያገናኘው መንገድ ከረዘመበት ዘር የሚተርፈው ጥቂት ነው። በጨቀየ ማሳ ላይ ሲዘራ ዘሩ በጭቃው ላይ እንዲያርፍ መተው ይበቃል። ፍግም ቢሆን አስቀድሞ በደንብ የበሰበሰው ይሁን።

አምስተኛ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት መጠበቅ። ቡቃያው ሥር ይዞ ሁለትና ሦስት ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ማሳው ረጥቦ ይቆይ እንጂ አይጥለቅለቅ። ከዚያ በኋላ ውኃውን እንደ ችግኙ ቁመት ቀስ በቀስ ማሳደግ ይቻላል። ያደገ ሩዝ አየርን ከቅጠሉ ወደ ሥሩ የሚያወርድ የውስጥ መተላለፊያ ስላለው ያን ጊዜ ውኃውን አይፈራም።

ስድስተኛ፣ መጠባበቂያ ማዘጋጀት። ውኃው የማይወጣለት ዝቅተኛ ማሳ ያለው ሰው ከፍ ባለ ቦታ ላይ የችግኝ መደብ አዘጋጅቶ ችግኙን ኋላ ማዛወር ይሻለዋል። ድካሙ ይበዛል፤ ዘሩ ግን አይባክንም።

ዘሩን ቆፍራችሁ እዩት

ማሳው አልበቅል ሲል ብዙዎቻችን ፈጥነን ወፍን፣ ምስጥን ወይም ዘር ሻጩን እንከሳለን። ከዚህ በፊት ግን ከጭቃው ውስጥ ጥቂት ፍሬዎችን አውጥቶ መመልከት ይገባል። ቀፎው ብቻ የቀረ ፍሬ በነፍሳት ወይም በወፍ የተበላ ነው። ሥር የሌለው፣ ነጭ ክር የመሰለ ረጅም ሰገባ ብቻ ያወጣ ፍሬ ግን በአየር እጦት እየታገለ ያለ ነው፤ በጥፍር ሲጫኑት ጠንከር የሚል ከሆነ ውኃው በዚያው ቀን ቢወጣለት ሊድን ይችላል። ላሽቆ የሚሸትና ሲጫኑት የሚፈርጥ ከሆነ ስንቁን ጨርሷል፤ እርሱን ከመጠበቅ በጊዜ መልሶ መዝራት ይበጃል።

ይህን ትምህርት በሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ በቤት ውስጥ ለልጆች ማሳየት ቀላል ነው። ጥቂት ያልተፈተገ የሩዝ ዘርና ጥቂት ገብስ ውሰዱ። ከሁለቱም ከፍላችሁ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አኑሩ። የቀረውን ውኃ አፍልታችሁ ካቀዘቀዛችሁ በኋላ እስከ አፉ በሞላችሁት ጠርሙስ ውስጥ ጨምራችሁ ክደኑት፤ ማፍላቱ በውኃው ውስጥ የሟሟውን አየር ያስወጣል። ከሳምንት በኋላ በጨርቁ ላይ ሁለቱም በቅለው፣ በጠርሙሱ ውስጥ ግን ገብሱ ቀርቶ ሩዙ ነጭ ሰገባውን ወደ ላይ ዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ሥር ግን አታዩበትም።

እናታችን ያን ቀን ከማሳው ዳር ሳንለያይ ቦይ አስቀደዱ። ውኃው በማግሥቱ ጎደለ፤ ከዝቅተኛው ወገን ጠርዝ ላይ የነበሩት ጥቂት ቡቃያዎች ተረፉ፤ መካከሉ ግን አልተመለሰም። ጎረቤቶቻቸው ከየመደባቸው ችግኝ አዋጥተው ክፍተቱን ሞሉላቸው። እኔም በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ የቀደመውን ንግግሬን በፊታቸው አረምኩ። «ሩዝ ውኃ ወዳድ ነው» የሚለውን ትቼ፣ «ሩዝ በውኃ ውስጥ ትንፋሹን መያዝ ይችላል፤ ሳይጨርስ እንድረስለት» አልኳቸው። እናታችንም ከኋላ ሆነው፣ «አሁን ገና ብቅል ገባህ» ሲሉ ሁሉም ሳቀ።